«ብርድ ነው»

አክስቴ መርሳ ላይ በሦስት ቀን አንዴ እንጀራ ትጋግራለች። በሚያዝያ አጋማሽ እሷ ቤት ያደርኩ ለት ገና ጎህ ሳይቀድ በሳሏ ነቃሁ። ደረቅ ሳል አይደለም፤ ከሥር የሚጎተት፣ መጨረሻው ላይ ሲጥ የሚል ሳል ነው። ተነሥቼ ተከትያት ማድ ቤት ገባሁ።

ማድ ቤቱ ከመኖሪያው ጀርባ የተለጠፈ የጭቃ ክፍል ነው። በር አለው፤ መስኮት የለውም። ግድግዳው ከወገብ በላይ ጥቁር ነው። ጥላሸቱ ዓመት ከዓመት ተደራርቦ ቀለም የተቀባ ያህል ያብረቀርቃል፤ በጣት ሲነኩት ያጣብቃል። ሦስት ጉልቻ፣ በላዩ ምጣድ፣ በጎን የማሽላ አገዳ ክምር። እሳቱ አልያዝ ሲላት አክስቴ ተንበርክካ እፍ ትላለች። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ አስተውዬው ግን አላውቅም ነበር። እፍ ለማለት መጀመሪያ ደረት ሙሉ አየር መሳብ ግድ ነው። እሷ ያንን አየር የምትስበው ከጉልቻው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆና ነው።

ምጣዱ ሲግል የተፈጨ ጎመንዘር ቆንጥራ በተነችበትና በማሰሻው አሰሰችው። ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ብሎ ወጣ። ዓይኔ አነባ፤ ጉሮሮዬን ከረከመኝ፤ እኔ ወደ በሩ ሸሸሁ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጣል አድርጋ የመጀመሪያውን እንጀራ አሰፋች። አክንባሎውን ከደነች። ከዚያ ሳሉ ያዛት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ እስኪለቃት ጠበቅሁ።

«እትዬ፣ ይሄ ሳል ስንት ጊዜው ነው?» አልኳት።

«ብርድ ነው ሆዴ፤ ሌሊት ብርድ መትቶኝ ነው» አለችኝ።

መርሳን የሚያውቅ ሰው ሚያዝያ ላይ ሙቀቷ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

«ብርድ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ትልቅ ሸክም ይሸከማል። ወገብ ቢታመም ብርድ ነው፤ ደረት ቢወጋ ብርድ ነው፤ ትንፋሽ ቢያጥር ብርድ ነው። ኒሞኒያን እንኳ የምናውቀው «የሳንባ ምች» በሚል ስም ነው። ወልድያም ሆነ መርሳ ወይም ሀብሩ ገጠር ብትሄዱ፣ ዓመት ሙሉ የሚያስላት እናት የሌለችበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ሁሏም የምትነግራችሁ ስለ ብርድ ነው። ብርድ ከውጭ የሚመጣ፣ ማንም የማያስቆመው ነገር ነው፤ በጋቢና በዝንጅብል ይታለፋል። ጭስ ግን ምንጩ ይታወቃል፤ መቀነስም ይቻላል። ለዚህ ነው የሕመሙ ስም ይህን ያህል የሚያሳስበኝ።

በአየር ላይ ያለ መርዝ ሳንባን የሚጎዳበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ጋዝ ከሆነ ቁም ነገሩ በውሃ ውስጥ ምን ያህል ይሟሟል የሚለው ነው። አሞንያና የድኝ ጋዝ ቶሎ ይሟሟሉ። ስለዚህ ገና ዓይን፣ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኙ ያቃጥላሉ፤ ሰውየውም ይሸሻል። ክሎሪን መካከለኛ ነው፤ ከላይም ያቃጥላል፣ ወደ ታችም ይወርዳል። ፎስጂንና ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ግን ብዙም ሳይሟሙ ሳንባ መጨረሻ ላይ ወዳሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይዘልቃሉ። የተነፈሳቸው ሰው ደህና ነኝ ብሎ ሊተኛ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ከረጢቶቹ በፈሳሽ ተሞልተው ትንፋሽ ያጣል። የሚያስለቅሰው ጋዝ ሁልጊዜ የከፋው አይደለም ማለት ነው።

የእንጨት ጭስ ደግሞ ጋዝም ብናኝም ነው። ብናኙ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ሲሆን፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት ወደ 30 እጥፍ ሲያንስ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ አይያዝም፤ እስከ ከረጢቶቹ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካይ መጠኑ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም በላይ እንዳይሆን ይመክራል። ጭስ በሞላበት ማድ ቤት ምግብ ሲበስል የሚለካው በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከ1,000 በላይ ነው።

የአየር ቧንቧችን ውስጠኛ ግድግዳ በማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። ፀጉሮቹ ቀን ከሌሊት እየተርገበገቡ አቧራውንና አክታውን ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ጭስ መጀመሪያ የሚያዳክመው እነሱን ነው። መጥረጊያው ሲቆም አክታ ይጠራቀማል፤ ሰውነት ያለው አማራጭ ማሳል ብቻ ይሆናል። ቁስሉ ሳይድን ሌላ ጭስ ይመጣል፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ሰውነት ቁስሉን በጠባሳ ይደፍናል፤ ግድግዳው ይወፍራል፤ ቧንቧው ይጠባል። የአየር ከረጢቶቹም እየተቀደዱ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። የተቀደደ ከረጢት ዳግም አይሰፋም። ሐኪሞች ይህን ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ፣ በአጭሩ ሲኦፒዲ ይሉታል። በሀብታሞቹ አገሮች በአብዛኛው የአጫሾች በሽታ ነው። በእኛ አገር ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት ትታመመዋለች። ከአሥር የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ከዘጠኙ በላይ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በአገዳ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው ጭሱን የሚጋራት።

ስለዚያ ሰማያዊ ጭስ አንድ ነገር ልጨምር። ዘይትና ቅባት ከልክ በላይ ሲግል፣ እንጨትም ሲጨስ፣ አክሮሊን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ዓይንን የሚያስነባው፣ ጉሮሮን የሚከረክመው በአብዛኛው እሱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ ፈረንሳዮች ይህንኑ አክሮሊን በመድፍ አረር ሞልተው ጠላታቸው ላይ ተኩሰውታል። መጠኑ ሌላ ነው፤ ንጥረ ነገሩ ግን ያው አንዱ ነው።

የመርሳን ቤቶች ለሁለት ከፍሎ ወደ ወልድያ፣ ቆቦና ቆረም የሚወጣው አውራ ጎዳና ደግሞ ስለ ጦር ጋዝ የራሱ ታሪክ አለው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥተው ወደ ቆረም የዘመቱት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ጣሊያን ከዚያ በፊት፣ በዚያው ዓመት ታህሳስ ወር፣ በተከዜ በኩል በራስ እምሩ ጦር ላይ በአውሮፕላን መርዝ ጥላ ነበር። ራስ እምሩ በኋላ እንደመሰከሩት፣ መሬት ሲነካ ከሚሰበር በርሜል ቀለም የሌለው ፈሳሽ ተረጨ፤ ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጅ፣ እግርና ፊት ውሃ ቋጠረ። ፈሳሹ የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። የመርዝ ጋዝን በጦርነት የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1925 ጣሊያንም ፈርማበታለች።

በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የብሪታንያ የአምቡላንስ ቡድን በወልድያ በኩል አልፎ ወደ ቆረም ተጉዞ ነበር። የቡድኑ ሐኪም ማክፊ ባሳተመው የዘመቻ ማስታወሻ በጋዝ የተቃጠሉ ቁስለኞችን ስለ ማከሙ ጽፏል። የካቲት 25 ቀን 1928 የቡድኑ ድንኳኖች የቀይ መስቀል ምልክት እየታየባቸው በአውሮፕላን ተደበደቡ። መጋቢት 22 ንጉሠ ነገሥቱ የመሩት ጦር ማይጨው ላይ እንደተሸነፈ ሁሉም ያውቃል። ጦሩ ሲመለስ በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ ቦምቡም መርዙም ወረደበት። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ሆነው የሚከታተሉ አውሮፕላኖች መርዙን እንደ ዝናብ ሲያርከፈክፉት ሰዉ፣ ከብቱ፣ ወንዙና ሳሩ እንዴት እንደተመረዘ ለመንግሥታቱ ማኅበር ተናገሩ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት ፈጀ።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ የምንሰማው ስለ ቆዳ ነው፤ ቁስሉ ይታያልና። የሰናፍጭ ጋዝ ግን ሲተነፍሱት የአየር ቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን ይልጣል። ከዚያ ተርፎ አገሩ የገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያወቅነው ከሌላ አገር ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1987 የኢራቅ አውሮፕላኖች ሰርደሽት በተባለች የኢራን ከተማ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። የኢራን ሐኪሞች የሰርደሽትንና የጦር ግንባሩን ተጎጂዎች ዝርዝር ይዘው፣ ሳንባቸውን እየለኩ፣ ለአሥርተ ዓመታት ተከታተሏቸው። ያገኙት ነገር ከባድ ነው፦ ብዙዎቹ በዕለቱ ቀላል ጉዳት ብቻ የነበረባቸው ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ይስላሉ፣ ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል። ጥቃቅኖቹ የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ ተዘግተዋል። ከማይጨው የተመለሱት የእኛ ዘማቾች እንዲህ ያለ መዝገብ አልተከፈተላቸውም። በየቀበሌው «ከዘመቻ የመጣ ሳል» ይዞት የኖረ አያት ቢኖር፣ እሱም ብርድ ተብሎ ነው የተቀበረው ብዬ አስባለሁ።

ከመርሳ ወጣ ብሎ በመስኖ የሚለማ መሬት አለ። ሽንኩርትና ቲማቲም ለወልድያም ለደሴም ገበያ የሚወጣው ከዚህ ነው። አክስቴ ቤት ባደርኩበት ሰሞን አንድ ከሰዓት አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ሽንኩርት ሲረጭ ቆሜ አየሁ። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ በግራ እጁ እየገፋ፣ በቀኙ እየረጨ ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ፊት ስለሚሄድ ራሱ በረጨው ጉም ውስጥ ያልፋል። ሻሹን አፍንጫው ላይ አስሮታል፤ ሻሹ ከእርጭቱ ርሷል። መሃል ላይ የመርጫው ጫፍ ተደፈነበት። ፈታው፤ ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ አለበት፤ መልሶ ገጠመው። እንደ አክስቴ። ሲጨርስ እጁን በቦዩ ውሃ ተለቃለቀና ወተት አምጡልኝ አለ። ወተት መርዙን ያጥባል ተብሎ ይታመናል። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ሳንባ ውስጥ የገባውን አይደርስበትም።

እንደ ማላታይን ያሉ ፀረ ተባዮች ነፍሳትን የሚገድሉት ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን ምልክት የሚያጠፋውን ኢንዛይም በማገድ ነው። ሰው ላይም የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው። ምልክቱ አልጠፋ ሲል የአየር ቧንቧ ጡንቻ ይኮማተራል፤ አክታ ይበዛል፤ ደረት ይታፈናል። ከባድ ሲሆን ይገድላል። አሜሪካ ውስጥ በአዮዋና በሰሜን ካሮላይና ገበሬዎችና ረጪዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተካሄደው ሰፊ ክትትል እነዚህን መድኃኒቶች አዘውትረው በሚረጩት ዘንድ ደረታቸው ሲጥ ሲጥ የሚል ሰዎች እንደሚበዙ አሳይቷል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ ራያና ሀብሩ ላይ ሲሰፍር ማሽላውን ለማትረፍ ኬሚካል ከሰማይም ከምድርም ተረጭቷል። መረጨቱ ግድ ነበር፤ አንበጣ ማሳ ሲበላ ያየ ሰው አይከራከርም። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ከዚሁ መንገድ ዳር ነው፤ የግብርና ባለሙያዎችም በየቀበሌው አሉ። ለሄክታር ስንት ሊትር ብሎ የሚያስተምር ሰው፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርግ፣ የተደፈነውን ጫፍ በለስላሳ ብሩሽ እንጂ በአፍህ አትክፈት ብሎ ቢጨምርበት ወጪ የለውም።

ከማሳ ወደ ቤት የሚገባም አለ። የነቀዝ ክኒን የሚሉት ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፤ ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እህሉ በጆንያ ተከምሮ ልጆች ከጎኑ በሚተኙበት ቤት ይህን ክኒን መጠቀም ከጭሱም ከመርጫውም የባሰ አደጋ ነው፤ በአንድ ሌሊት ይገድላል።

ወልድያ ደግሞ ከተማ ናት፤ የከተማም ጣጣ አለባት። የሆቴልና የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች ሽንት ቤት ነጭ እንዲሆንላቸው በረኪናውን ከአሲድ ጋር ይቀላቅሉታል። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት የተለቀቀው ገዳይ ጋዝ እሱ ነበር። ጠባብ ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ አንዴ በደንብ የተነፈሰችው ሴት፣ አስም ኖሯት የማያውቅ ብትሆን እንኳ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ የአስም ሕመምተኛ ልትሆን ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካዊው ሐኪም ስቱዋርት ብሩክስና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉ አሥር ሰዎችን መዝግበው ለሕመሙ ስም አወጡለት። ምልክቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ ከሦስት ወር በላይ ይቆያል፤ አንዳንዱን ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። ከዚያ በኋላ ሽቶ፣ አቧራ፣ የቡና እጣን እንኳ ያስነሣበታል። ቡና ሲፈላ ከበረከቱ ሳትቋደስ ከደጅ የምትቀመጥ ጎረቤት ካለቻችሁ፣ ምን እንደተነፈሰች ጠይቋት።

አክስቴ ሳንባዋን እስክታስለካ ድረስ አራት ዓመት ፈጅቶባታል። መጀመሪያ ከአንድ ጤና ጣቢያ አንቲባዮቲክ ተሰጣት፤ ሳሉ ሲመለስ ሌላ ጨመሩላት፤ ሦስተኛ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ተብሎ አክታዋ ተመረመረ፤ ነጻ ናት ተባለ። የሚያክሙት ሰዎች ላይ መፍረድ አልፈልግም። መሣሪያው የላቸውም፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ከደረሰ በኋላ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘርፏል። የምከራከረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። በዚያ ሁሉ ምልልስ «በምን ታበስያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

በመጨረሻ ደሴ ወሰድናት። ሐኪሙ አፍንጫዋን በመቆንጠጫ ይዞ፣ ደረቷ እስኪሞላ አየር አስስቦ፣ ባላት ኃይል ሁሉ ቱቦው ውስጥ እንድትተነፍስ አደረጋት። ስፓይሮሜትሪ ይባላል። ጤነኛ ሰው ከሳንባው ከሚያወጣው አየር አብዛኛውን፣ ከመቶ ሰባውን እጅ በላይ፣ በመጀመሪያዋ አንድ ሰከንድ ያወጣዋል። የአክስቴ ግማሹ ብቻ ነበር የወጣው፤ ቀሪው እየተጎተተ እየተጎተተ ስድስት ሰከንድ ሞላ። ቧንቧውን የሚከፍት መድኃኒት ሰጥተዋት ሲደግሙትም ብዙ አልተለወጠም። አስምና ሲኦፒዲ የሚለዩት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ አስም በመድኃኒት ይከፈታል፣ ጠባሳ ግን አይከፈትም። «ትንባሆ ያጨሳሉ?» አላት። ደነገጠች። «አንቱ፣ እኔን?» አለችው።

የሚነፋውን መድኃኒት ሲያዝላት እምቢ አለች፤ ሱስ ያስይዛል ተብሎ ነው የሚወራው። ሱስ አያስይዝም። ያጥላላው ሰው ብዙ በመሆኑ ስንቱ በኪኒንና በመርፌ ሲንገላታ እንደኖረ ሳስብ ያንገበግበኛል። ሌላው ችግር አነፋፉ ነው፤ አብዛኛው ሰው ሲነፋ መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ለዚህ የሚረዳ የፕላስቲክ እቃ አለ፤ ብዙ ፋርማሲ ውስጥ ግን የለም፤ ሲገኝም ውድ ነው። ኬፕታውን ውስጥ የሕፃናት ሐኪም የሆነችው ሄዘር ዛር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሥሩ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ተበስቶ ቢሰካበትና ዙሪያው ቢታሸግ ከፋብሪካው እቃ ያላነሰ እንደሚሠራ አሳይታለች። እኛ ሃይላንድ የምንለው ማለት ነው፤ መንገድ ዳር ወድቆ የሚገኘው።

ጭሱስ? አገር ውስጥ የተሠራው «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለእንጨት ለቀማ ለምትሄደው ሴት ትልቅ ነገር ነው፤ ለሳንባዋ ግን ብቻውን አይበቃም። ማላዊ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ የሳንባ ምች አልያዛቸውም። ከ1,000 ወደ 500 ማይክሮግራም ማውረድ አሁንም 500 መተንፈስ ነው። ጭሱ ከቤት መውጣት አለበት፤ በጭስ ማውጫ፣ በመስኮት፣ አለዚያም በኤሌክትሪክ ምጣድ። የዓባይ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት አልቅሻለሁ። ያ መብራት የአክስቴ ምጣድ ሥር ሲደርስ ደግሞ እንደገና አለቅሳለሁ።

እስከዚያው ያለውን አደረግን። ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከጣሪያው ሥር፣ ከምጣዱ ትይዩ፣ ግድግዳውን ሁለት ክንድ ያህል ቀደደው። ጭቃው ሲፈርስ ከውጭ ቢጫ ነበር፤ ከውስጥ በኩል ጥቁሩ ቅርፊት እንደ ገል እየተሰባበረ ወደቀ። እሳት ተያዘ። ጭሱ መጀመሪያ እንደለመደው ወደ በሩ ሄደ፤ ቀዳዳውን ሲያገኝ ተጠማዝዞ ወጣ። አክስቴ ቀና ብላ አየችው። አገዳውን ትታ የደረቀ ግራር አስገባችበት፤ የደረቀ እንጨት ጭሱ ያንሳል።

ከሰባተኛው እንጀራ በኋላ ሳሉ መጣ። ወጥታ ከደጁ ደንጊያ ላይ ተቀመጠች። ሃይላንዱን ከመቀነቷ ሥር አውጥታ መድኃኒቱን ሰካችበት፤ አንዴ ተጫነችው፤ በዝግታ ሳበች፤ እስከ አሥር ቆጠረችና ለቀቀችው። ደገመችው።

«ተሻለሽ እትዬ?» አልኳት።

እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ቆይ ማለቷ ነው። ትንፋሿ ሲመለስ ጠርሙሱን መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። «ሊጡ ሳይበላሽ» ብላ ተነሣች፤ ገና አሥር ያህል እንጀራ ይቀራታል።